የቧንቧው ሰላምታ

ሐርጌሳ ውስጥ ኮድቡር በሚባል ሰፈር የተከራየነው ቤት ግቢ ጥግ ላይ አንድ ቧንቧ አለ። ከታንከሩ እስከ ግድግዳው የሚመጣው መስመር ፕላስቲክ ነው፤ ከግድግዳው ወጥቶ አንገቱን የሚደፋው ቁራጭ ብቻ ብረት ነው። ከሥሩ አንድ ጥንድ አረንጓዴ የላስቲክ ነጠላ ጫማ ፊቱን ወደ ቧንቧው አዙሮ ተቀምጧል። ጠርዙ ላይ የደረቀ ጭቃ አለበት። ቤቱን ልናይ የመጣን ቀን የማን እንደሆነ ጠየቅኩ። አከራያችን ዓሻ "የልጄ" አለችኝ። ልጇ የት እንዳለች ስጠይቅ ወጥ ቤቱን ልታሳየኝ ሄደች።

እኔ ፋሪዳ እባላለሁ፤ የከሚሴ ልጅ፣ ልብስ ሰፊ። ባሌ ኸይሩ ኤሌክትሪሺያን ነው፤ ሐርጌሳ የመጣነውም እሱን ሥራ ጠርቶት ነው። ምላሴ ትንሽ ይፈጥናል። ኸይሩ ይሄን ለሰው ሲያወራ "ትንሽ" የሚለውን ይዘለዋል።

ዓሻ ሃምሳን ያለፈች፣ ረጅም፣ ቀጥ ብላ የምትሄድ ሴት ናት። ሐርጌሳ በተደበደበችበት ጦርነት ጊዜ ገና ልጅ ሆና ተሰዳ ያደገችው ድሬ ዳዋ ስለሆነ አማርኛዋ ከኔ ይፈጥናል። የመጀመሪያ ቀን "እርስዎ" ብላት ሳቀችብኝ። "አቦ ተይኝ፣ የድሬ ልጅ አንቱታ አያውቅም" አለች። እኔም እንደ ሰፈሩ ሰው "ኤዶ" እያልኩ በአንቺታ ቀጠልኩ፤ ኤዶ እዚህ አገር አክስት እንደማለት ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ስትስቅ አላየኋትም።

ቁልፉን ስትሰጠን ሁለት ነገር አስጠነቀቀችን። "ያንን ቧንቧ አትንኩት፣ ውሃ ከበርሜሉ ቅዱ። ግቢው ውስጥ ደግሞ በባዶ እግር አትሂዱ።"

"ለምን?" አልኳት።

"ጊንጥ አለ።"

ሞኟ እኔ፣ ስንት ጊዜ ድንጋይ እያገላበጥኩ ጊንጥ ስፈልግ ከረምኩ። አንድም አላገኘሁም።

ያኔ በጋው ጠንክሮ ነበር። መሬቱ ተሰነጣጥቆ፣ አቧራው በመስኮት እየገባ የምሰፋው ነጭ ጨርቅ ሁሉ ቡናማ እየሆነ አስቸገረኝ። መስፊያዬን በሩ አጠገብ ስላስቀመጥኩት ግቢውን ሳልወድ በግድ አያለሁ። ዓሻ ረፋድ ላይ ለዱሃ ሰላት ስትዘጋጅ ከክፍሏ ትወጣለች። ቧንቧው ጋ ስትደርስ ጫማዋን ታወልቃለች፤ የምታወልቀው መስጊድ ደጃፍ ላይ እንደሚወለቀው በጥንቃቄ ነው። ከአረንጓዴው ጫማ ጎን በባዶ እግሯ ትቆማለች። ከዚያ እጇን ዘርግታ በጣቶቿ ጀርባ ብረቱን ትነካለች፤ ትኩሳት ያለበትን ልጅ ግንባር እንደምትነካ እናት ማለት ነው። ትከሻዋ ትንሽ ይርገፈገፋል።

"አሰላሙ ዓለይኪ፣ ናስተሆ" ትላለች።

ትንሽ ቆማ የምታዳምጥ ትመስላለች። ከዚያ ጫማዋን አድርጋ ወደ በርሜሉ ትሄድና እጅ፣ ፊትና እግሯን ታጥባ ውዱዋን ታደርጋለች።

ይሄን መጀመሪያ ያየሁ ቀን የያዝኩትን ቀሚስ እጅጌ ገልብጬ ሰፋሁት። ናስተሆ ማን እንደሆነች የነገረችኝ መንገድ ዳር ሱቅ ያላት ሀዎ ናት፤ በኔ ስብርባሪ ሶማልኛና በእሷ ስብርባሪ አማርኛ። ናስተሆ የዓሻ አንድያ ልጅ ነበረች፣ ነርስነት የምትማር፣ ለሰው ቅን የሆነች። ባለፈው የዝናብ ወቅት ማብቂያ ላይ፣ አንድ ከሰዓት ዝናብ ዘንቦ ካባራ በኋላ፣ ቧንቧው ሥር ወድቃ ተገኘች። ጎረቤት ሲደርስ ነፍሷ ወጥታለች። ቁስል የለ፣ ደም የለ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ቀበሯት።

"ጂን ነው" አለችኝ ሀዎ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ከዝናቡ ውሃ ጋር የመጣ።"

ሼህ አምጥተው ቁርአን አስቀርተው ነበር አሉ። ሼሁ ግቢውን ዞሩ፣ ቧንቧውንም ያዙት፣ ምንም የለም ብለው ሄዱ። ጎረቤቶችም ደፍረው ሞከሩት፤ ማንም ምንም አልተሰማውም። ዓሻ ብቻ "ልጄ እዚያ ናት፤ ለሌላ ሰው መልስ አትሰጥም፣ የምታውቀው እኔን ነው" አለች። ከዚያ ወዲህ እሷን ሊጠይቅ ወደ ግቢው የሚገባ ሰው እየቀነሰ ሄደ።

ይሄን ሰምቼ በዚያ ቤት እንዴት እንደኖርኩ አላህ ያውቃል። ነፋስ ሲነፍስ አረንጓዴዎቹ ጫማዎች ትንሽ ይነቃነቃሉ፤ ያን ጊዜ አንድ ሰው ሊያደርጋቸው እግሩን የሰደደ ይመስለኛል። የሚጠብቀኝን የቁርአን አንቀጽ፣ አያተል ኩርሲን፣ እየቀራሁ ነው በር የምከፍተው። ኸይሩ ደግሞ ይቀልድብኛል። "ከጂኗ ጋር ታረቂ፣ ቀሚስ ስፊላት" ይለኛል።

አንድ ጠዋት የውሃው ቦቴ ቀርቶ በርሜሉ ባዶ ሆነ። ሊጥ ያቦካሁበትን እጄን በጠብታ ውሃ አለቅልቄ ስወጣ የነጠላ ጫማዬ ማሰሪያ ተበጠሰ። ተናድጄ ወረወርኩት። ፀሐዩ መሬቱን ስላጋለው በባዶ እግሬ እየዘለልኩ ስሄድ ቧንቧው ጠብ፣ ጠብ ሲል ሰማሁ። የማደርገውን አላሰብኩም። ውሃ የጠማው ግቢ ውስጥ ውሃ ሲባክን ማየት አልችልም፤ ልዘጋው በእርጥብ እጄ ያዝኩት።

እጄን ያዘኝ። ሌላ ቃል የለኝም። ቀጫጭን ጣቶች ከመዳፌ ገብተው እስከ ክርኔ ድረስ የተንቀጠቀጡ መሰለኝ። ጮኼ ወደ ኋላ ወደቅኩና እጄን ደረቴ ላይ አቅፌ መሬት ላይ ቀረሁ።

ቀና ስል ዓሻ በሯ ላይ ቆማለች። አልደነገጠችም። ፊቷ ላይ ያየሁት ቅናት ነበር፤ ወላሂ ቅናት።

"አንቺንም ሰላም አለችሽ?" አለችኝ።

ወዲያው ግን ዓይኗ ወደ እግሬ ወረደና ፊቷ ተለወጠ። "ጫማሽ የታለ? በባዶ እግር አትሂዱ አላልኳችሁም?" ብላ ተቆጣችኝ። እጄን ይዛ አነሳችኝ።

ኸይሩ ለምሳ ሲመጣ ነገርኩት። እየሳቀ ሄዶ ቧንቧውን ጥርቅም አድርጎ ያዘ። "ይኸው፣ እኔን አልወደደችኝም" አለኝ። የሥራ ጫማውን አየሁት፤ ሶሉ ሁለት ጣት የሚሆን ጎማ ነው። ሼሁም ጎረቤቶቹም ጫማ አድርገው መሆን አለበት ብዬ ያሰብኩት ያኔ ነው።

"ጫማህን አውልቅና ንካው" አልኩት።

"ፋሪዳ፣ ሩዙ ይቀዘቅዛል።"

"አውልቅ አልኩህ።"

አወለቀ። በእጁ ጀርባ ነካ አደረገና እንደተቃጠለ ሰው እጁን ሰበሰበ። ሳቁ ጠፋ። ሄዶ መለኪያውን አምጥቶ ብረቱንና ግድግዳውን ለካ፣ ጆሮውንም ልስኑ ላይ ለጠፈ። ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች ይባላል፤ ኤሌክትሪሺያን አግብቼ ጂን ስፈራ የከረምኩት እኔ ነኝ።

"ግድግዳው ውስጥ የተቀበረ አሮጌ ሽቦ አለ" አለኝ። "ልባሱ ተሰነጣጥቋል። ቧንቧው አጠገብ ነው የሚያልፈው።"

"ታዲያ ዓሻን ለምን እስካሁን አልገደላትም? በየቀኑ ትነካዋለች እኮ።"

ኸይሩ ነገር ማስረዳት ሲወድ ሩዙም ቢቀዘቅዝ ግድ የለውም። አፈር ላይ ቁጢጥ አለ። "ኮረንቲ የማይገባበት ነገር የለም" አለኝ። "ነገር ሁሉ ግን እምቢ ይለዋል። ልዩነቱ የእምቢታው መጠን ነው። መዳብ እምቢታው ኢምንት ነው፤ ለዚህ ነው ሽቦ የምናደርገው። ላስቲክ ደግሞ ጭራሽ አይበገርም። ሰው መሀል ላይ ነው፤ ቆዳው ሲደርቅ ይከለክላል፣ ሲርስ ይለቃል። አፈርም እንደ ሰው ነው።"

በጣቱ መንገዱን አሳየኝ፤ ከሽቦው ወደ ግድግዳው፣ ከግድግዳው ወደ ብረቱ፣ ከብረቱ ወደ እጅ፣ ከእጅ ወደ እግር፣ ከእግር ወደ መሬት።

"እነዚህ ሁሉ ተሰልፈው ነው የቆሙት" አለኝ። "አንዱ ጠንክሮ እምቢ ካለ የሌሎቹ እሺታ ዋጋ የለውም። ጫማ ያደረገውን ሰው ላስቲኩ ያድነዋል። በባዶ እግሯ የምትቆመውን ሴትዮ እያዳናት ያለው የደረቀው መሬት ነው። መሬቱ ሲርስ ግን..."

አልጨረሰውም። ሁለታችንም አረንጓዴዎቹን ጫማዎች አየናቸው። ጠርዛቸው ላይ ያለውን ጭቃ።

"አላህ ይርሐማት" አለ ኸይሩ ቀስ ብሎ። ከዚያ ግንባሩን ቋጠረ። "ሴትዮዋ በእጇ ጀርባ ነው የምትነካው አላልሽኝም? ይሄን ማን አስተማራት? እንዲህ የምንነካው እኛ ኤሌክትሪሺያኖች ነን።"

ሰማሁት፤ ግን ነገሩን አላጤንኩትም። ያኔ የታየኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ልጇን የገደለውን ነገር ልጄ ነው ብላ የምትዳብስ ምስኪን እናት። ማስረዳት አለብን አልኩ።

በማግስቱ ከሰዓት ኸይሩ የሞተር ሳይክል ባትሪና ከተሰበረ የእጅ ባትሪ የፈታትን ትንሽ አምፖል ይዞ ዓሻ ደጃፍ ላይ ተቀመጠ። ከቧንቧው ሥር አፈር ዘግኖ ሳህን ላይ አደረገ። ሁለት ምስማር ተከለበትና ሽቦውን አያያዘ። አምፖሏ አልበራችም።

"ይሄ ያንቺ ግቢ ነው፣ ዛሬ" አላት።

ውሃ ጠብ አደረገበት። አምፖሏ እንደመንቃት አለች። ጨመረበት፤ አፈሩ ሲጨቀይ በርታ አለች። አንድ ቁንጥር ጨው ሲነሰንስበት ደምቃ በራች። ከዚያ አንዱን ምስማር ነቅሎ ከላስቲክ ቁራጭ ላይ አሳረፈው፤ ጠፋች።

ዓሻ አገጯን በእጇ ደግፋ ዓይኗን ሳትነቅል አየች። እኔ ፊቷን ነው የማየው። ለቅሶ ጠብቄያለሁ፣ ቁጣም ጠብቄያለሁ።

"ዝናቡ ካፊያ ቢሆንስ?" አለች። "ይበቃዋል ወይስ ብዙ ይፈልጋል?"

ኸይሩ ጎበዝ ተማሪ ያገኘ መስሎት ደስ አለው። "መሬቱ ወደ ውስጥ መራስ አለበት፤ ካፊያ አይበቃም። ደህና ዝናብ ከጣለ ግን አለቀ።"

"ደህና ዝናብ" አለች ዓሻ፣ ለራሷ።

አጠያየቋ የሚፈራ ሰው አጠያየቅ አልነበረም። አውቶቡሱ ስንት ሰዓት ይደርሳል ብሎ የሚጠይቅ ሰው እንደዚያ ነው የሚጠይቀው።

ኸይሩ ግድግዳውን ፈልፍዬ ሽቦውን ላውጣው ሲላት ተነሳች። "ቤቱ የኔ ነው" አለች። "ካልተመቻችሁ ሌላ ቤት ፈልጉ። ግድግዳዬን ማንም አይነካም።" የቤቱ ኮረንቲ ማጥፊያ ያለው በክፍሏ ውስጥ ነው፤ ያን ቀን በሩን ስትቆልፈው ሰማሁ።

ኸይሩ ብረቱን በጎማና በጥቁር ፕላስተር ጠቀለለው። ጠዋት ስነሳ ፕላስተሩ ተልጦ፣ ተስተካክሎ ተጠቅልሎ በራችን ሥር ተቀምጧል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ጂን ነው ብዬ እጮህ ነበር። ያን ቀን ግን ጂን በሆነ ብዬ ተመኘሁ።

በርበራ የሚኖር ዲሪር የሚባል ወንድም እንዳላት ከሀዎ ሰምተን ኸይሩ ደወለለት። ሰውየው ነገሩ ገባው፤ አርብ እመጣለሁ አለ። እኔ ግን እስከ አርብ መታገስ አልቻልኩም። ከደቡብ በኩል ደመና መሰብሰብ ጀምሮ ነበር። ሰፈሩ በሙሉ አልሃምዱሊላህ ይላል፤ ሱቅ ስሄድ ሁሉም የሚያወራው ስለ ዝናብ ነው፤ እኔ ብቻ ሰማዩን ባየሁ ቁጥር እስከ አርብ ይቆይልኝ ብዬ እለምናለሁ።

ረቡዕ ረፋድ ላይ ዓሻ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ሩዝ ስትለቅም ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

"ኤዶ፣ አንቺ ከመጀመሪያውም ታውቂ ነበር" አልኳት።

መልቀሟን አላቆመችም። "አባቴ ድሬ ዳዋ ፋብሪካ ውስጥ ኮረንቲ ይሠራ ነበር" አለች። "በእጃችሁ ጀርባ ንኩ ይለን ነበር። ቢይዝሽ እጅሽ ራሱ ይሰበሰባል፤ በመዳፍ ከሆነ ግን ጨብጦ አይለቅም ይል ነበር። ናስተሆን ሳነሳት መዳፏ ላይ አየሁት። ትንሽ ነጭ ነጥብ፣ ኮረንቲው የገባበት። ለማንም አልተናገርኩም።"

"ለምን?"

"ምን ብዬ?" ሩዙን አስቀመጠች። "ያን ቀን ዝናቡ አባርቶ ነበር። ከትምህርት መጣች፣ እግሯ ጭቃ በጭቃ። ቤቱን ጠርጌ፣ መስገጃ አንጥፌ ነበር። 'ጫማሽን እዚያ አውልቂ፣ እግርሽን ታጠቢ፣ ከዚያ ግቢ' አልኳት። ሌላ ቀን ትከራከረኛለች። ያን ቀን እሺ አለች። አወለቀች። አየሽው አይደል አቀማመጡን? ሥርዓት ያላት ልጅ ነበረች።"

እኔ ሳዝን ዝም የምል ሰው አይደለሁም። "እና አሁን ዝናብ ትጠብቂያለሽ" አልኳት።

"ውዱ ነው የማደርገው። በገዛ ቧንቧዬ ውዱ ማድረግ ሐራም ሆነ? ዝናቡን የሚያወርደው አላህ ነው። እኔ ምን አደረግኩ?"

"ኤዶ፣ ይሄ ለቀበሌ ዳኛ የሚነገር ነገር ነው። ልብሽ ውስጥ ያለውን ከማን ልትደብቂ ነው?"

ፊቷ ጠቆረ። "አንቺ ልጅ አልቀበርሽም" አለችኝ። "ልብሷን አጠብኩት፣ ጠረኗ ሄደ። ስልኳን ቆልፋው ሄደች፣ መክፈት አልቻልኩም። ያቺን ልጅ መጨረሻ ላይ የነካት ያ ብረት ነው። እሱን ስነካ እሷን የነካ ነገር ነካሁ። እጄ ላይ ትንሽ ትንቀጠቀጣለች፣ ልጅ ሆና ብርድ ሲይዛት እንደምትንቀጠቀጠው። ሌላ ምን ቀረኝ?"

አዘንኩላት፤ ተናደድኩባትም። ሩዙን አብሬያት ለቀምኩና ተነስቼ ሄድኩ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ሐሙስ ከምሳ በኋላ ሰማዩ ጠቆረ። መጀመሪያ ነፋሱ አቧራውን አንከባሎ ወሰደው፤ ከዚያ ትላልቅ ጠብታዎች ቆርቆሮውን መቱት፤ ከዚያ ወረደ። ሕፃናት መንገድ ላይ ወጥተው ሲጨፍሩ ይሰማኛል። ኸይሩ ጋ ደወልኩ፤ አያነሳም፤ አሕመድ ዳጋህ ሰፈር የሰው ጣሪያ ላይ ሥራ አለኝ ብሎ ነበር የወጣው። ደግሜ ደወልኩ። ግቢው መጀመሪያ ውሃውን ጠጣ፣ ከዚያ ጠገበ፣ ከዚያ ውሃው ላዩ ላይ መተኛት ጀመረ። አረንጓዴዎቹ ጫማዎች ላይ ያለው ደረቅ ጭቃ ሟሙቶ ወረደ።

ዝናቡ ወደ ካፊያ ሲመለስ የዓሻ በር ተከፈተ። ነጭ የሰላት ልብሷን ለብሳለች። ጫማ አላደረገችም።

መርፌው ሥር ያለውን ጨርቅ እንዳለ ትቼ፣ የመስፊያውን መብራት እንኳ ሳላጠፋ፣ ሮጥኩ። ቀድሜያት ቧንቧው ፊት ቆምኩ።

"ዞር በይ፣ ፋሪዳ" አለችኝ። ድምፅዋ ለስላሳ ነበር። እጇን አየሁት፤ ያን ቀን ጀርባውን አላስቀደመችም፤ መዳፏ ተከፍቷል።

ልይዛት አሰብኩ። ከኔ ትረዝማለች፣ ግን ልይዛት እችላለሁ። ከዚያስ? ዛሬ ብይዛት ነገ አለ፤ ማታም ይዘንባል፤ እኔ ደግሞ እተኛለሁ። ይሄ ሁሉ በአንድ ጊዜ መጣብኝና ንዴት እንጂ ጀግንነት ያልሆነ ነገር ያዘኝ። ጫማዬን አወለቅኩና በአጥሩ በላይ አሳልፌ ወደ መንገድ ወረወርኩት። ቀዝቃዛ ጭቃ በጣቶቼ መሀል ብቅ አለ።

"እሺ" አልኳት። "አብረን እንታጠባለን። ያንቺ ውዱ ሐራም ካልሆነ የኔም አይሆንም።"

እጄን ወደ ብረቱ አነሳሁ፤ በመዳፌ በኩል። እጄ ከዝናቡ የተነሳ ይንጠባጠባል። ፈርቼ ነበር። ብረቱ ጫፍ ላይ አንድ የውሃ ጠብታ ተንጠልጥሎ ነበርና ዓይኔን ከእሱ መንቀል አቃተኝ። የእምቢታው ሰልፍ በሙሉ ተራ በተራ ወጥቶ እንደሄደ አውቃለሁ፤ እምቢ የሚል የቀረ የለም።

"ፋሪዳ" አለች ዓሻ። "ጫማሽን አድርጊ።"

"ወረወርኩት።"

"ጫማሽን አድርጊ አልኩሽ።"

"የለኝም ኤዶ። አንቺም የለሽም።"

ፊቷ ላይ የሆነ ነገር ሲሰበር አየሁ። አፏ ተከፈተ። የወጣው ድምፅ የእሷ አይመስልም ነበር። "ልጄ፣ ጫማሽን አድርጊ። እግርሽ ቢቆሽሽ ቤቱ ይቆሽሽ። ከነጭቃሽ ግቢ። ጫማሽን አድርጊ፣ ልጄ፣ ጫማሽን አድርጊ።"

ጭቃው ላይ ተንበረከከች። አረንጓዴዎቹን ጫማዎች አነሳች። ቁርጭምጭሚቴን ይዛ ቀኝ እግሬን አስገባች፤ ከዚያ ግራዬን። ማሰሪያውን በጣቶቼ መሀል እየገፋች አስተካከለች። እጄን አወረድኩ። ግንባሯን ጉልበቴ ላይ ጣለችና አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፣ ምን እደብቃለሁ።

ከብዙ በኋላ ተነስታ ወደ ክፍሏ ገባች። በተከፈተው በሬ በኩል የመስፊያዬን ትንሽ መብራት አያለሁ፤ ጠፋች። ማጥፊያውን ራሷ አወረደችው ማለት ነው።

ተመልሳ መጥታ ቧንቧው ፊት ቆመች፤ መዳፏን ዘርግታ ብረቱን ጨበጠችው። ትከሻዋ አልተርገፈገፈም። በየረፋዱ እንደምትጠብቀው ጠበቀች፤ ከዚያም በላይ ቆየች።

"ብረት ነው" አለች። "ቀዝቃዛ ብረት።"

"አዎ ኤዶ።"

"ስትሄድ እንኳ አልተሰናበተችኝም።"

እጇን ከብረቱ ላይ ቀስ ብዬ አላቀቅኩና ደጃፏ ላይ አስቀመጥኳት። ውሃ ቀድቼ እግሯን አጠብኩላት።

አርብ ከጁምዓ በኋላ ዲሪርና ኸይሩ ግድግዳውን ፈልፍለው ሽቦውን አወጡት። ልባሱ እንደ ደረቀ ወንዝ ተሰነጣጥቆ ነበር። ዓሻ አንዴ አየችውና ፊቷን አዞረች። እኔ ያን ጊዜ ሄጄ አረንጓዴዎቹን ጫማዎች አጥቤ፣ አድርቄ፣ በሁለት እጄ ይዤ አቀረብኩላት። ቦታቸው ላይ ልታስቀምጣቸው ትፈልጋለች ብዬ ነበር።

አልተቀበለችኝም። ባዶ እግሬን አየች፣ ከዚያ ግቢውን አየች።

"አድርጊው" አለችኝ። "መሬቱ ገና እርጥብ ነው።"